በምድጃ ጀርባ የበሰለ ዋልካ

ስማቸው በኮምቦልቻ በአንድ የግንባታ መሥሪያ ቤት የአፈር መመርመሪያ ክፍል ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ነበረ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያልተመዘነ፣ ያልተሰፈረ፣ ያልተለካ ነገር አምኖ አያውቅም። ጎረቤት ትንሽ ጨው ቢለምነው ትንሽ ማለት ስንት እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሻይ ቤት ሲገባ «ስኳሩን ቀነስ» አይልም፤ አንድ ማንኪያ፣ እርሱም ከአፉ የተስተካከለ፣ ብሎ ያዝዛል። አርባ ዓመት ሞልቶት ሳያገባ የቀረውም ሽማግሎች «መልካም ልጅ ናት» ባሉት ቁጥር «በምን መለኪያ?» እያለ ስላስቀየማቸው ነው ይሉ ነበር። ይህ ግን ሐሜት ነውና ልናምነው አይገባም፤ ምንም እንኳ የነገሩን ሰዎች ሦስት ቢሆኑም።

መኖሪያው ደሴ ነበረ። ከዘይኑልአቢዲን ዳቦ ቤት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ የሀረጎን ዳገት ወርዶ ኮምቦልቻ ይውላል፤ ማታ መልሶ ይወጣል። ዳገቱ ስንት ጠመዝማዛ እንዳለው ቆጥሮ ያውቃል፤ ሾፌሩ ግን አያውቅም ነበርና፣ በዚህ ምክንያት ስማቸው ሾፌሩን በሙሉ ልቡ አያምነውም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ ይህ ሰው በአንድ ክርክር ውስጥ ገባ። የሐርቡ ገበሬዎች ጤና ጣቢያ እንዲሠራላቸው አመልክተው፣ ከፍል ውኃው አጠገብ ያለውን ግራጫ መሬት ለሕንፃው ሰጥተው ነበር። በዙሪያው ያለው ሌላው መሬት ሁሉ ዋልካ ነው፤ ጥቁር ዋልካ፣ በክረምት ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ፣ በበጋ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት፣ የተሠራበትንም ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሚተረትር። ግራጫው ግን ዝናብ ሲመታው ዝም፣ ፀሐይ ሲመታው ዝም ነው። ሆኖም ቦታውን የሚመርጠው ኮሚቴ መሐንዲስ ፈንታሁን መሬቱን በጣቶቹ አሽቶ ይህም ያው የሸክላ አፈር ነው አለና ከዝርዝሩ ሰረዘው። ጤና ጣቢያውን በምትኩ ሁለት ሰዓት ሽቅብ በሚያስኬድ ዐለታማ ጉብታ ላይ ለማድረግ አሳሰበ። ስማቸው ከሐርቡ ቆላ ምጥ የጠናባቸውን ሴቶች በቃሬዛ ተሸክመው ሲወጡ ያየ ሰው ነው፤ ሁለት ሰዓት ሽቅብ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ስለዚህ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ፣ ግራጫው አፈር ጥንት ዋልካ እንደ ነበረ፣ በጨዋማው ፍል ውኃ ለብዙ ዘመን ተቀቅሎ ተፈጥሮው እንደ ተለወጠ፣ ከእንግዲህም ወዲህ እንደማያብጥ ተናገረ።

ፈንታሁን ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው ሲያመርር ማየት ደስ ይለው ነበር።

«ጓድ ስማቸው» አለው፣ «ዛሬ አላበጠም ማለት ነገ አያብጥም ማለት አይደለም። አንተ ራስህ ዋልካን በጨው ውኃ ቀቅለህ፣ ከዚያም በንጹሕ ውኃ አጥበኸው፣ እብጠቱን እንደ ተወ ካሳየኸኝ እኔ መጀመሪያ እፈርማለሁ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ብሩ ይህን ቃል በቃለ ጉባኤ አስመዘገበ፤ ቀኑንም እስከ መጋቢት ሁለተኛ ሐሙስ ቈረጠ። በዚያ ቀን የሙከራው ውጤት በጽሑፍ ካልቀረበ ጤና ጣቢያው ወደ ጉብታው ይወጣል።

እንግዲህ ለአምስት ወር ሌት ተቀን የማይበርድ እሳት ያስፈልግ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ የኤሌክትሪክ ምድጃ መብራት በጠፋ ቁጥር ይጠፋል። ስማቸው ሲያስብ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ጀርባውን በክፍሉ ግድግዳ ላይ አሳርፎ ሳለ መልሱ ጀርባውን ሲያሞቀው አገኘው። ያ ግድግዳ የዘይኑልአቢዲን የዳቦ ምድጃ የኋላ ግድግዳ ነበረ። በምድጃው ጀርባ ለዕቃ ማስቀመጫ የተተወ ጎድጓዳ ስፍራ አለ፤ ስማቸው ቴርሞሜትሩን አስገብቶ ለካው፤ ሰማንያ ስምንት ሆነ። በሌላው ቀን ደግሞ ለካው፤ ዘጠና ሆነ። ከዚህ የተሻለ ምድጃ በመላው ወሎ እንደሌለ ወሰነ።

ዘይኑልአቢዲን ፈቀደ፤ ሳይቀልድ ግን አልፈቀደም። «ወላሂ፣ በዚህ ምድጃ ያልተጋገረ የቀረው አፈር ብቻ ነበር» አለው። «ብቻ ብልቃጦችህን ከሰው ዐይን ሰውርልኝ። ቀበሌው የዱቄት ኮታዬን ባሳነሰበት ወራት አፈር ምድጃዬ ላይ ቢያዩ ምን እንደሚሉኝ አንተም ታውቃለህ።»

ስድስት ብልቃጥ ተደረደረ። በስድስቱም ውስጥ ከአንድ ጉድጓድ የወጣ ዋልካ አለ። ሁለቱ በንጹሕ ውኃ፣ ሁለቱ በወጥ ቤት ጨው ውኃ፣ ሁለቱ ደግሞ ከአፋር በረሃ በግመል ወደ ባቲ ገበያ በሚመጣው መራራ ጨው ውኃ ተሞሉ። ይህን መራራ ጨው ነጋዴዎች ከመልካሙ ለይተው ይጥሉታል፤ ስማቸው ግን በእንጨት አመድ ውስጥ የሚገኘው ዐይነት ነገር በውስጡ እንዳለ፣ በሐርቡ ፍል ውኃም ውስጥ ያው እንዳለ መርምሮ አግኝቷል። በየብልቃጡ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ውኃው እየተነነ ስለሚጎድል ቀን ቀን የሚሞላለት ሰው አስፈለገው፤ የዘይኑልአቢዲን ሚስት ከሪማ እኔ እሞላለሁ አለች።

ከሪማ በተጋባች በስምንተኛው ዓመት ገና የመጀመሪያዋን ያረገዘች፣ ሣቋ ቶሎ የሚመጣ ሴት ነበረች። ስማቸው ሥራውን ሳይገነዘብ ማንም እጁን እንዲያስገባበት አይወድምና፣ ወንበር አስቀምጦ እንደ ተማሪ አስረዳት። ዋልካ እጅግ ከሳሱ ቅጠሎች የተደራረበ መሆኑን፣ ውኃ በቅጠሎቹ መካከል ገብቶ እየገፋ እንደሚያሳብጠው፣ በመራራው ጨው ውኃ ሲቀቀል ግን ከጨው የሚወጣው ነገር በቅጠሎቹ መካከል ልክክ ብሎ ተቀምጦ እንደሚቆልፋቸው፣ ሙቀቱም ይህን እንደሚያፋጥን፣ የወጥ ቤቱ ጨው ግን ይህን ማድረግ እንደማይችል ነገራት። እርስዋም አዳምጣ ስታበቃ ነገሩ እንደ ተደራረበ ሊጥ መሆኑ ነው፣ በመካከሉ ዘይት ካልተቀባ ገጽ ከገጽ ተያይዞ ይቀራል አለችው። ስማቸው ቅር አለው፤ ምሳሌው ቁጥር አልነበረውምና። ሆኖም ስሕተት ሲፈልግበት አጣ።

ወራቱም አለፉ። ስማቸው ማታ ማታ ከአውቶቡስ ሲወርድ እራቱን ሳያስብ ወደ ምድጃው ጀርባ ይሄዳል፤ ቴርሞሜትሩን አንብቦ ይጽፋል፤ ብልቃጦቹን እንደ ሕፃን ጉንጭ በጣቱ ጀርባ ይነካካል። ዘይኑልአቢዲን ይህን እያየ፣ ለሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ፍቅር እስካሁን ሦስት ጊዜ በዳረው ነበር ይል ነበር።

በመጋቢት መጀመሪያ ዓርብ ብልቃጦቹ ወጡ። ስማቸው እያንዳንዱን አፈር ሦስት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ አጠበ፤ ስድስት ቂጣ አድርጎ ጠፈጠፈው፤ ቅዳሜ ማለዳ በሰፊ ትሪ ላይ ዘርግቶ፣ በየቂጣው ሥር የውኃው ዐይነት የተጻፈበትን ወረቀት አኑሮ፣ በፀሐይ እንዲደርቅ ግቢው ውስጥ አስቀመጠው። ቂጣዎቹ ሁሉም አንድ ዐይነት ጥቁር ነበሩ። ቅዳሜ የግማሽ ቀን ሥራ ነውና፣ ከቀትር በኋላ ተመልሶ ሊያነሣቸው አስቦ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ።

በዚያው ጠዋት የከሪማ እናት እማማ መዲና ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከደጋን መጡ። ልጃቸውን ሳሙ፣ ፊቷን አዩ፣ ወዲያውም በግቢው ፀሐይ ላይ በንጹሕ ትሪ የተዘረጋውን አፈር አዩ። በእማማ መዲና ቀዬ ነፍሰ ጡር አፈር ባማራት ጊዜ አምሮቷን በአፏ አትጠይቅም፤ ነውር ነው። ጎረቤት ያውቅባትና ንጹሕ አፈር ቆፍሮ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ከደጇ አኑሮላት ይሄዳል። ተቀባይም ለሰጪው አትናገርም፤ ዱዓ ብቻ ታደርግለታለች። ስለዚህ እማማ መዲና ያዩትን ለማንም ሳይጠይቁ ተረዱት። ከቂጣው ሥር ያሉትን ወረቀቶች ቆሻሻ ነው ብለው አራገፉ፤ ንጹሕነቱን ሊቀምሱ ከየቂጣው ጥግ ጥቂት ቈረሱ፤ አንዱን ሙሉውን ለልጃቸው ሰጡ፤ የቀሩትን አምስቱን በነጭ ጨርቅ ቋጥረው አስቀመጡ።

ስማቸው ስምንት ሰዓት ላይ ሲደርስ በግቢው በር ላይ የጠበቁት እማማ መዲና ነበሩ። ትከሻውን ሳሙት። አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፣ የወንድ ልጅ አባት ያድርግህ፣ እጅህ አይንጠፍ፣ ባዕድ ሆነህ ሳለ ከወንድም የበለጥህ አሉት። ስማቸው ባልገባው ምርቃት ሁሉ ላይ «አሚን» እያለ ትሪውን በዐይኑ ፈለገ። ትሪው ታጥቦ በግድግዳ ላይ ተደግፎ ነበር።

ነገሩን ሁሉ ሲረዳ አልጮኸም። መርቆ ያመሰገነህን ሰው መቆጣት ይከብዳል፤ ሰባ ዓመት የሞላቸውን እናት ደግሞ ይበልጥ። ጨርቁን ተቀብሎ ወደ ክፍሉ ገባና ፈታው። አምስት ቂጣ፤ አምስቱም ጥቁር፤ አምስቱም ጥጋቸው የተቈረሰ። የትኛው ከየትኛው ብልቃጥ እንደ ወጣ የሚናገር ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

ዘይኑልአቢዲን ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ስለ አማቱም ይቅርታ ጠየቀ። ጥቂት ካሰበ በኋላም መላ ያለውን ነገር በቅንነት ነገረው። ሰኞ ላቦራቶሪ ወስደህ እያንዳንዱን ውኃ ውስጥ ብትከተው፣ ያላበጠው የመራራው ጨው ነው፣ ያበጠው ሌላው ነው፤ ወረቀቱን በዚያ መሠረት መልሰህ ጻፍ፤ ማን ያውቃል? አለው።

ማንም እንደማያውቅ ስማቸውም ያውቅ ነበር። ዘይኑልአቢዲን ከወጣ በኋላ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ቆየ። ሐሙስ ቅርብ ነው፤ አምስት ወር መልሶ የሚሰጠው የለም፤ የሐርቡም ሴቶች ወደ ጉብታው የሚወጡት በእርሱ ቸልተኝነት ሊሆን ነው። ደግሞስ ትክክል ነኝ ብሎ ያምናል፤ ሐሰት የሚሆነው ወረቀቱ እንጂ ነገሩ አይደለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዕሩን አነሣ፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀትም ስቦ «መራራ» ብሎ ጻፈባት። ቀለሙ እስኪደርቅ ተመለከታት። ያላበጠውን መራራ ብሎ ሰይሞ፣ ከዚያ መራራው አላበጠም ብሎ መመስከር ምን ይባላል? ሰው ራሱ የጻፈውን ደብዳቤ ለራሱ በፖስታ ልኮ፣ ሲደርሰው ዜና መጣልኝ እንደሚል መሆን ነው። ወረቀቷን ቀደዳት። ልቡ ግን በዚህ ምንም አልቀለለውም፤ የቀደዳት ደስ እያለው አልነበረምና።

በዚህ ጊዜ ከሪማ ከበሩ ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዐይኖቿን ከመሬት አላነሣችም።

«ጋሽ ስማቸው፣ አንድ ነገር ብነግርዎ አይቆጡኝም?»

እንደማይቆጣ ነገራት።

«ከጥር ጀምሮ ነው። ውኃ ስሞላ በየብልቃጡ አፍ ላይ የደረቀውን በጥፍሬ እየጫርሁ እቀምስ ነበር። ምን ላድርግ፣ አስቸገረኝ። ሁለቱ መራራ ናቸው፤ ሁለቱ ጨው ጨው ይላሉ፤ ሁለቱ ምንም የላቸውም። እርስዎ አጥበውታል፤ ግን እኔ አውቃቸዋለሁ። ዛሬም እማዬ ስትሰጠኝ የበላሁት ምንም የሌለውን ነው።»

ስማቸው ሦስት ጊዜ ከታጠበ አፈር ውስጥ የጨው ጣዕም ማግኘት እንደማይቻል ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። ከዚያ ግን ከአንዱ ቂጣ ቈርሶ በአፉ አደረገ፤ አፈር ነበረ። ከሌላውም ቈረሰ፤ ያም አፈር ነበረ። ከሪማ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ወስዳ፣ ምላሷን ከላንቃዋ እያላተመች፣ የመጀመሪያው የጨው፣ ሁለተኛው የመራራው ነው አለችው፤ ያለ አንዳች ማመንታት፣ ሰው የልጆቹን ስም እንደሚጠራ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ያምናት ነበር፤ ወይ ይስቅባት ነበር። ስማቸው ግን ሁለቱንም አላደረገም። መሣሪያ ከሆነ መፈተን አለበት ብሎ ወሰነ።

በዚያው ምሽት ከከረጢቱ ተርፎ ከነበረው ጥሬ ዋልካ ወስዶ በሦስት ከፈለው፤ አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ አንዱን በጨው፣ አንዱን በመራራው ነክሮ፣ በምድጃው ላይ አድርቆ፣ እንደ ፊተኛው ሦስት ሦስት ጊዜ አጠበው። እሑድ ቀትር ላይ ዐሥራ ሁለት ፍርፋሪ በዐሥራ ሁለት ብርጭቆ ሥር ተደረደረ። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ስማቸው በደብተሩ ጽፎ ደብተሩን በጀርባው ደብቋል። እማማ መዲና ይህን አይተው እጅግ አዘኑ። ለነፍሰ ጡር ደብቆ የሚሰጥ ሰው በሕይወታቸው አይተው እንደማያውቁ፣ ትናንት የመረቁት ሰው ይህ መሆኑን እንደሚጠራጠሩ ተናገሩ። ስማቸው የፈተናን ሥርዓት ሲያስረዳቸው ቆየ። እርሳቸውም በመጨረሻ፣ የገባቸው ባይሆንም፣ በየፍርፋሪው ላይ ቢስሚላሂ ለማለት እንዲፈቀድላቸው ብቻ ጠየቁ። ይህ ውጤቱን እንደማይለውጥ ስማቸው አስቦ ፈቀደ።

ከሪማ ዐሥራ አንዱን በትክክል ተናገረች። በዐሥራ ሁለተኛው ላይ ቆየች፤ መልሳ ቀመሰች፤ ከዚያም «ይኼን እንጃ» አለች።

በዕለቱ ስማቸውን ከሁሉ በላይ ያስደሰተው ይህ ቃል ነበረ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሚዛን አለ፣ ቴርሞሜትር አለ፣ ከውጭ አገር የመጣ ማጣሪያም አለ፤ ከእነርሱ አንዱ እንኳ ሲበላሽ እንጃ ብሎት አያውቅም፤ ሁሉም በሙሉ ድፍረት ይሳሳታሉ። ስለ ራሱስ ቢሆን ይህችን ቃል ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረው መቼ እንደ ሆነ ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልመጣለትም።

ከዚያ አምስቱ ቂጣዎች ቀረቡ። ፍርፋሪያቸው እየተደባለቀ፣ ተራቸው እየተለዋወጠ፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ተቀመሰ። መልሷ አልተለዋወጠም፤ ሁለት መራራ፣ ሁለት የጨው፣ አንድ ባዶ። ስማቸው ከዚያ በኋላ ብቻ ወረቀት ለጠፈ። ሰኞ ማለዳ ቂጣዎቹን ይዞ ሀረጎን ወረደ፤ ከየቂጣው ከፊሉን ፈጭቶ በመለኪያ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከተተ። ማክሰኞ አነበበ፤ ደግሞ አጥቦ ከተታቸው፤ ረቡዕም አነበበ። ባዶውና የጨዎቹ ሦስት እጥፍ ያህል አብጠው ነበር። ከመራራዎቹ አንዱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ሁለተኛው ሩብ ያህል ብቻ ከፍ ብሏል። ስማቸው ይህንንም ሩብ አልደበቀም።

ሐሙስ በኮምቦልቻ ስብሰባው ላይ ጽሑፉን ራሱ አነበበ። ሰዉ በትዕግሥት አዳመጠ፤ ሦስተኛው ገጽ እስኪደርስ ድረስ። በዚያ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ነበረ፦ የናሙናዎቹ መለያ ወረቀቶች ስለ ጠፉና አንዱ ናሙና ስለ ተበላ፣ የቀሩት አምስቱ በወይዘሮ ከሪማ ምላስ ተለይተዋል፤ ምላሱም አስቀድሞ ተፈትኖ ከዐሥራ ሁለት ዐሥራ አንዱን አግኝቷል።

አንዱ አፉን በመሐረብ ሸፈነ፤ ሌላውም መስኮት መስኮቱን አየ። ፈንታሁን ግን ምንም ሳይሸፍን ሳቀ። ጓድ ብሩ ጸጥታ አስከብሮ፣ መልካም ሰው ነበርና፣ ስማቸውን ሊረዳው ፈለገ። ጽሑፉ ጥሩ እንደ ሆነ፣ ቁጥሩም እንዳሳመነው፣ ነገር ግን ምላስ የሚል ቃል ማኅተም በሚያርፍበት ወረቀት ላይ እንደማይገባ ነገረው። ይህች መስመር ወጥታ «በላቦራቶሪ ዘዴ ተለይተዋል» ተብሎ ቢጻፍ አሁኑኑ እንደሚፈረም አስታወቀ። ብዕርም አቀበለው።

ስማቸው ብዕሩን ይዞ ቆመ። አንድ መስመር ነበረች። ሁለት ሰዓቱን ሽቅብ አሰበ፤ ቃሬዛውንም አሰበ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ የላቦራቶሪ ዘዴ አልነበረም» አለ። «ምላስ ነበረ። ምላሱ ከወጣ የቀረው ሁሉ ማን እንደ ነገረኝ አይታወቅም። እንደ ተጻፈ ፈርሙት፤ አለዚያም መልሱልኝ።»

ጓድ ብሩ ተክዞ፣ እንግዲያስ ጤና ጣቢያው ወደ ጉብታው ይወጣል ብሎ መዝገቡን መሳብ ጀመረ። ያን ጊዜ ፈንታሁን ሳቁን አቆመ።

«ቆይ፣ ጓድ ሰብሳቢ። መጀመሪያ እፈርማለሁ ያልሁት እኔ ነኝ። መሣሪያውን ሳላይ እንዴት እምቢ እላለሁ? ያምጣውና እንየው።»

«መሣሪያው ሀረጎን አይወርድም» አለ ስማቸው፤ «ነፍሰ ጡር ናት።»

ስለዚህ ከቀትር በኋላ ጓድ ብሩና ፈንታሁን ስማቸውን ይዘው በላንድሮቨር ወደ ደሴ ወጡ። እማማ መዲና ሁለቱን የመንግሥት ሰዎች ባዩ ጊዜ ደንግጠው ልጃቸውን ከጀርባቸው አደረጉ፤ ዘይኑልአቢዲንም የዱቄት ኮታውን ወረቀት ሊያመጣ ሮጠ። የመጡበት ጉዳይ ሲነገራቸው ይበልጥ ደነገጡ።

ፈንታሁን ከስማቸው እጅ የተረፈውን ቂጣ ሁሉ ተቀብሎ ብቻውን ከዱቄት ጆንያዎች ጀርባ ገባ። ሲወጣ በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ዐሥር ፍርፋሪ ይዞ ነበር፤ ፊቱም ተንኮል የሠራ ሰው ፊት ነበረ። ከሪማ በሹማምንት ፊት መቅመስ አፈረች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ስባ፣ ከነጠላው ሥር እየቀመሰች መልሷን በዝቅተኛ ድምፅ ትናገር ጀመር። ፈንታሁን እያንዳንዱን መልስ ከወረቀቱ ጋር ያስተያያል። ስድስት አለፉ፤ ሰባት አለፉ። ስማቸው በግድግዳው ላይ ተደግፎ የራሱን ጫማ ይመለከታል።

ስምንተኛውን ደግማ ቀመሰች። ምላሷ ሲዞር በጉንጯ ላይ ይታይ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ፈንታሁንን በቀጥታ አየችው።

«ይኼ ከነዚህ አይደለም» አለች። «መራራ ነው፤ ጥርስ ሥርም አይጣበቅም። ግን የኛ ምድጃ አላበሰለውም።»

ፈንታሁን ወረቀቱን አጠፈ። ስምንተኛውን ፍርፋሪ ያወጣው ከኪሱ ነበረ፤ በጥቅምት ከሐርቡ ፍል ውኃ ዳር በጣቶቹ ሲያሸው ከቆየው ከዚያ ግራጫ አፈር። ቀጥሎም ማንም ያላየው መስሎት ከጥቁሩም ከግራጫውም አንድ አንድ ቅንጣት በምላሱ ላይ አኖረ፤ ዐይኑን ጨፍኖም ጠበቀ። ሁሉም አዩት። ምንም አላገኘም፤ ጥቁሩ ግን ላንቃው ላይ ተለጥፎ እምቢ አለው።

በዳቦ መደርደሪያው ላይ ወረቀቱ ተዘረጋ። ፈንታሁን ቃል እንደ ገባው መጀመሪያ ፈረመ፤ ጤና ጣቢያውም በሐርቡ፣ በፍል ውኃው ዳር እንዲሠራ ጸና። ጓድ ብሩ ተከትሎ ሊፈርም ብዕሩን ሲያወርድ ግን በቅጹ ግርጌ ያልተሞላ ስፍራ አገኘ፤ ያገለገለው መሣሪያ ዐይነትና መለያው ይጻፍ ይላል። ሰብሳቢው ግራ ተጋብቶ ስማቸውን ቀና ብሎ አየው።

«ስሟን ነዋ» አሉ እማማ መዲና፤ በእንዲህ ያለ ቀላል ነገር የመንግሥት ሰው መቸገሩ እየገረማቸው። «ከነአያቷ፣ ከሪማ የሱፍ በላ።»

ጓድ ብሩ ጻፈ። ፈንታሁን በዚህ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ዋልካው ገና ከላንቃው አልለቀቀምና፣ መጀመሪያ ውኃ ለመነ።